የሰው ወርቅ አያደምቅ

ሰው ያላወቀውን ነገር ከመጠየቅ ይልቅ መናቅ ይቀለዋል። መጠየቅ ጊዜና ትሕትና ይፈልጋል፤ ለመናቅ ግን ከንፈርን ማጣመም ይበቃል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ብዙ ሰው ከንፈሩን ስለሚያጣምምባቸው ወጣቶች ነው። እነዚህ ወጣቶች በመጽሐፍ፣ በሥዕል ወይም በፊልም የወደዱትን አንድ ገጸ ባሕርይ ይመርጣሉ፤ ልብሱን፣ ጠጉሩን፣ ጋሻና ሰይፉን በገዛ እጃቸው ይሠራሉ፤ ከዚያም ያንኑ ታሪክ የሚወዱ ሰዎች በሚሰበሰቡበት ጉባኤ ላይ ለብሰውት ይታያሉ። ሥራቸው ኮስፕሌይ ይባላል።

በእነዚህ ወጣቶች ላይ የሚነገረውን ነቀፋ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ነቀፋውም ሦስት ነው። አንደኛ፣ «ይህ የሕፃን ጨዋታ ነው፤ ጊዜና ገንዘብ ያጠፋል» ይላሉ። ሁለተኛ፣ «ራስን ደብቆ ሌላውን መስሎ መታየት ነው፤ ይህም ከሐሰት ይቆጠራል» ይላሉ። ሦስተኛ፣ ነገሩን ለመቋጨት ሲፈልጉ ተረት ይጠቅሱና «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብለው ይሥቃሉ። እኔ ተረቱን እቀበላለሁ፤ ፍርዱን ግን አልቀበልም። ተረቱ በእውነት የሚይዘው ማንን እንደ ሆነ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ክርክር ከመጀመር በፊት ነገሩ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይገባል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ በእኛ አቆጣጠር ነው ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1939 በጁላይ ወር የሳይንስ ልብ ወለድ የሚወዱ ሰዎች የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጉባኤያቸውን በኒውዮርክ ከተማ አደረጉ። የተሰበሰቡት 200 ያህል ነበሩ። ከእነርሱ መካከል ፎረስት አከርማንና ሚርትል ዳግላስ የተባሉ ሁለት ሰዎች ከሎስ አንጀለስ ድረስ መጥተው ነበር። የለበሱት ልብስም ወደ ፊት በሚመጣው ዘመን ሰው ይለብሰዋል ተብሎ የታሰበ ነበር። ሐሳቡ የተወሰደው በ1936 ከወጣ አንድ ፊልምና ፍራንክ ፖል የተባለው ሠዓሊ ለመጽሔቶች ከሣላቸው ሥዕሎች ነው። ከሁለቱ በቀር እንዲህ ለብሶ የመጣ አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት በቺካጎ በተደረገው ጉባኤ ግን ሌሎችም ለብሰው መጡ፤ ውድድርም ተደረገ።

ከዚያ ወዲህ የዚህ ሥራ አባት እየተባለ ስሙ ሲነሣ የኖረው አከርማን ነው። ሁለቱንም ልብስ የሰፋችው ግን ዳግላስ ናት። መርፌ የያዘው እጅ ተረስቶ ልብሱ ያረፈበት ትከሻ መመስገኑ እንግዲህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የነበረ ጉድለት ነው። ይህን ልብ በሉ፤ ኋላ እመለስበታለሁና።

ስሙ የመጣው ከጃፓን ነው። በ1975 በዲሴምበር ወር ኮሚኬት የሚባለው ገበያ በቶኪዮ ተጀመረ፤ ይህም ወጣቶች ራሳቸው የሣሉትንና ያሳተሙትን መጽሐፍ ለእርስ በርሳቸው የሚሸጡበት ነው። በመጀመሪያው ጊዜ የመጣው ሰው 700 ያህል ነበር፤ ዛሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ሲደረግ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ይጎርፍበታል። በ1983 ኖቡዩኪ ታካሃሺ የተባለ ጃፓናዊ በአንድ መጽሔት ላይ ሲጽፍ «ልብስ» እና «ጨዋታ» የሚል ትርጉም ያላቸውን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ቈርጦ አጋጠመና ኮስፕሌይ የሚለውን ቃል አወጣ። በኮሚኬት ማንም ሰው የገጸ ባሕርይ ልብስ ለብሶ ከቤቱ እንዲመጣ፣ ለብሶም ወደ ቤቱ እንዲመለስ አይፈቀድለትም፤ እዚያው በተዘጋጀለት ክፍል ይለብሳል፣ እዚያው ያወልቃል። ጨዋታው ቦታና ሰዓት ተለይቶለታል ማለት ነው።

በአሜሪካ በሳንዲያጎ ከተማ በ1970 የተጀመረው ጉባኤም ዛሬ ከ130 ሺህ በላይ ሰው የሚገባበት ሆኗል። በጃፓን በናጎያ ከተማ ደግሞ ከ2003 ጀምሮ የኮስፕሌይ ዓለም አቀፍ ስብሰባ ይደረጋል፤ ከ2005 ወዲህም ከየአገሩ ሁለት ሁለት ሰው እየተመረጠ ይወዳደርበታል። በውድድሩም የሚለበሰውን ልብስ ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው እንዲሠሩት ይጠየቃሉ። ይህ ደንብ የነገሩን ፍሬ የያዘ ነው።

አሁን ወደ ድካሙ ልግባ። ነቃፊው የሚያየው የጉባኤውን ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ቀን በፊት ያሉትን ሌሊቶች አያይም። አንድ ወጣት የአንድ ጀግናን የደረት ጥሩር ለመሥራት ተነሣ እንበል። በመጀመሪያ ሥዕሉን ከፊት፣ ከኋላና ከጎን ሰብስቦ ይመረምራል። ሠዓሊው ስለ ስፌትና ስለ መገጣጠሚያ አላሰበም፤ በሥዕል ላይ ጥሩር ያለ ቁልፍ፣ ያለ ማሠሪያ በሰው ገላ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ሠዓሊው የተወውን ጥያቄ ሁሉ ይህ ልጅ መመለስ አለበት። ከየት ይከፈታል? እጅ ሲነሣ ምን ይሆናል? ለባሹ ሊቀመጥ ይችላል? ደረጃስ ሊወጣ ይችላል?

ከዚህ በኋላ ደረቱን በስስ ፕላስቲክ ይጠቀልልና በላዩ ላይ ማጣበቂያ ፕላስተር ይለጥፍበታል፤ መሥመሮቹን በዚያ ላይ ይሥልና በጥንቃቄ ቀድዶ ያወጣዋል። ከርሱም በወረቀት ላይ ልኩን ያነሣል። ልኩን እንደ ነጠላ ጫማ መርገጫ ባለ ለስላሳ ፎም ላይ ገልብጦ በስለት ይቈርጣል። ፎም የስለትን አፍ ቶሎ ያዶለዱማል፤ ያልተሳለ ስለት ደግሞ ይቦጭቃል እንጂ አይቈርጥም። ስለዚህ ቈርጦ መሳል፣ ስሎም እንደ ገና መቍረጥ ነው። ቀጥሎ ሙቅ አየር በሚተፋ መሣሪያ እያሞቀ በጕልበቱ ላይ ያጎብጠዋል፤ ሙቀቱ ካነሰ አይታጠፍም፣ ከበዛ ይቃጠላል።

መገጣጠሙ ከሁሉ ይብሳል። ጫማ ሠሪዎች የሚያውቁት ማስቲሽ በሁለቱም ጠርዝ ላይ ይቀባል፤ መስኮት ተከፍቶ፣ ሽታው ወጥቶ፣ በጣት ሲነኩት የማይይዝ እስኪሆን ይጠበቃል። ከዚያ ጠርዝ ከጠርዝ አንድ ጊዜ ይገጠማል፤ አንድ ጊዜ ብቻ! ተዛንፎ ከተያያዘ ሳይቀደድ አይላቀቅምና የሦስት ቀን ሥራ በአንድ ቅጽበት ይበላሻል። ከተጣበቀ በኋላ ስንጥቁ ይደፈናል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ የመሠረት ቀለም ሦስት አራት ጊዜ ይቀባል፤ በላዩ ብረት የሚያስመስለው ቀለም ይመጣል። መጨረሻውም ይገርማል፤ ይህን ያህል ተደክሞበት የጠራውን ሥራ ባለቤቱ ራሱ ጥቍር ቀለም እየነካካ ያጎድፈዋል። ጦርነት ያየ ጥሩር አዲስ አይመስልምና።

ልብሱም እንዲሁ ነው። ገበር የሌለው ካባ ከሩቅ ይታወቃል፤ ቅምቅማቱ የተጣመመ ቀሚስ በፎቶግራፍ ላይ ይመሰክራል። ሰው ሠራሽ ጠጉር በገበያ እንደ ተገኘ አይለበስም፤ ይቈረጣል፣ በእንፋሎት ይቃናል፣ በሥዕሉ እንደ ታየው ወደ ላይ እንዲቆም በማጣበቂያ ይጠነክራል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የጉባኤው ቀን ሲደርስ ለባሹ በሙቀት ይቀቀላል፤ በጭንብሉ ቀዳዳ የሚያየው ግማሽ መንገድ ብቻ ስለሆነ ጓደኛው እጁን ይዞ ይመራዋል፤ ወደ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ እንኳ አውላቂና አልባሽ ያስፈልገዋል። በቦርሳው ማስቲሽ፣ ክርና መርፌ፣ መርፌ ቁልፍም ይዞ ይዞራል፤ ምክንያቱም በሰው መካከል አንድ ነገር ሳይሰበር ወይም ሳይተረተር የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው።

እንግዲህ ይህን የፈጸመ ልጅ ምን አገኘ? ልብስ ሰፊነትን፣ ቀለም ቅብን፣ ጠጉር ሥራን፣ ጥቂትም የመሐንዲስነትን ነገር ቀምሷል። ጠፍጣፋው ነገር እንዴት ክብ እንደሚሆን በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ያልገባው ጂኦሜትሪ በገዛ ደረቱ ላይ ገብቶታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥራ ሲበላሽ እንደ ገና መጀመርን ለምዷል። «የሕፃን ጨዋታ» ያሉት ይህን ነው። ሕፃን እንዲህ የሚጫወት ከሆነ ሽማግሌዎቻችን ሕፃን ቢሆኑልን ይሻል ነበር።

በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት የሚኖር አንድ የማውቀው ያገራችን ሰው አለ። ትጉህ ሠራተኛ፣ ልጆቹን የሚወድ አባት ነው። የዐሥራ ሰባት ዓመት ሴት ልጁ ትምህርቷን ሳታጓድል፣ በአንድ ሱቅ ሠርታ ባገኘችው ገንዘብ ዕቃውን እየገዛች፣ ለስድስት ወር ያህል የአንዲት ተዋጊ ንግሥትን ጥሩርና ካባ ሠራች። ጉባኤው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አባትየው መኪና ማቆሚያውን ሲያጸዳ ሥራዋን ሰብስቦ ከቆሻሻ ጋር ደጅ አወጣው፤ ጠዋት የቆሻሻ መኪና ይዞት ሄደ። ነገሩን የነገረኝ ራሱ ነው፤ እየሣቀ ነገረኝ።

«ስድስት ወር የደከመችበትን?» አልሁት።

«ስፖንጅ እኮ ነው ወንድሜ! ስፖንጅና ሙጫ! ሐኪም ትሆናለች ብዬ ሌት ተቀን የምሠራ ሰው፣ ልጄ የተረት ሰው መስላ አደባባይ ስትወጣ ልይ?» አለኝ።

«ምን አለች?»

«ምንም አላለች። ዝም አለች።»

ይህን ሲነግረኝ ቀኑ እሑድ ነበር፤ የለበሰውም የአንድ እንግሊዝ አገር እግር ኳስ ቡድን ማሊያ ነው። በጀርባው ላይ በትልቁ የአንድ ተጫዋች ስምና ቍጥር ታትሞበታል። ያ ተጫዋች ይህን ሰው አያውቀውም፤ ይህም ሰው ማሊያውን አልሰፋውም፤ ኳስም ከመታ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሆኖም ያን ስም በጀርባው ተሸክሞ፣ «አሸነፍን» እያለ፣ «ተሸነፍን» እያለ ይውላል። እኔ በዚህ አልነቅፈውም፤ ሰው የሚወደውን ነገር በልብሱ መግለጡ የተፈጥሮ ባሕርዩ ነው። ነገር ግን ፈራጅ ሆኖ ሲቀመጥ እጠይቀዋለሁ። የሌላ ሰው ስም በገንዘብ ገዝተህ የለበስህ አንተ ነህን የሰው ወርቅ የለበስህ፣ ወይስ የወደደቻትን ንግሥት ጥሩር በእጅዋ ቈርጣ፣ በእጅዋ ሰፍታ፣ በእጅዋ ቀብታ ልትለብስ የነበረችው ልጅህ? ይህንኑ በፊቱ ነገርሁት። አልመለሰልኝም። ልጂቱ ግን ከዚያ ወዲህ የምትሠራውን ነገር በጓደኛዋ ቤት እንደምታስቀምጥ ሰምቻለሁ። አባትየው ጥሩሩን ብቻ የጣለ መስሎታል፤ ልጁ ሥራዋን ለርሱ የማሳየት ፈቃዷም አብሮ እንደ ተጣለ ገና አላወቀም።

ሁለተኛው ነቀፋ ማስመሰል ሐሰት ነው የሚለው ነው። ሐሰት ማለት ግን ሰውን ለማታለል መናገር ወይም ማድረግ ነው። በኮስፕሌይ የሚታለል ማን ነው? ክንፍ ለብሶ የቆመውን ወጣት አይቶ በእውነት ይበርራል ብሎ የሚያምን አለን? ልብሱ ራሱ «እኔ ልብስ ነኝ» ብሎ ይጮኻል። አስመሳይስ በሌላ ስፍራ አለ። የተከራየውን መኪና ተደግፎ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የራሱ አስመስሎ ለዘመዶቹ የሚልክ አለ፤ ያልተማረውን ትምህርት ማዕርግ በስሙ ላይ የሚቀጥል አለ፤ ለአንድ ቀን ሠርግ የዐሥር ዓመት ዕዳ ገብቶ ባለጠጋ መስሎ የሚውል አለ። ከንፈር የሚያጣምሙት ሰዎች ለእነዚህ ወንበር ይለቁላቸዋል። በግልጽ ጭንብል የሚያጠልቀውን ይነቅፋሉ፤ ፊቱን ራሱን ጭንብል ያደረገውን ያከብራሉ።

ልብስ መልካም ለማድረግ እንዴት እንደሚያገለግል አንድ ምሳሌ ልስጥ። አልቢን ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ በመኪና አደጋ አንድ እግሩን አጥቶ ነበር። እርሱም በ1997 ከጓደኛው ጋር ሆኖ 501ኛው ክፍለ ጦር የተባለ ማኅበር መሠረተ። የማኅበሩ አባሎች «ስታር ዎርስ» በተባለው ፊልም ውስጥ ያሉትን የክፉውን ወገን ወታደሮች ልብስ ይለብሳሉ። ልብሱ በፊልሙ ከታየው ጋር መመሳሰሉ በጥብቅ ካልተመረመረና ካልተፈቀደ በቀር ማንም አባል አይሆንም። ዛሬ በብዙ አገሮች በሺህ የሚቈጠሩ አባሎች አሉት። እነዚህ የክፋት ልብስ የለበሱ ሰዎች የሚሄዱት የታመሙ ሕፃናት ወደሚተኙበት ሆስፒታል ነው፤ ለራሳቸው ደመወዝ አይቀበሉም፤ የሚገኘውን ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ያውላሉ። የመሥራቹ ትንሽ ልጅ በአንጎል ካንሰር ታማ ሳለ በፊልሙ እንዳለው ያለ ትንሽ ሮቦት እንዲጠብቃት ተመኘች፤ ሮቦት በመሥራት የሚጫወቱ ሰዎችም ሮዝ ቀለም ያለው ሮቦት በስሟ ሠሩላት። ልጂቱ በ2005 ዐረፈች፤ ሮቦቱ ግን ዛሬም በሕፃናት መካከል ይዞራል። እንዲህ ያለውን ጨዋታ ከብዙ ቁም ነገር አስበልጣለሁ።

ነጻነት ሲባልም ሥርዓት የለውም ማለት አይደለም። በ1972 በሎስ አንጀለስ በተደረገ ጉባኤ ስኮት ሾ የተባለ ሠዓሊ ራሱ የፈጠረውን አንድ አስቀያሚ ገጸ ባሕርይ መስሎ ለመታየት ገላውን የኦቾሎኒ ቅቤ ተቀብቶ መጣ። በመብራቱ ሙቀት ቅቤው ይቀልጥ፣ ይሸትም ጀመር፤ ሌሎች ብዙ የደከሙበትን ልብስም ለማበላሸት የሚያሰጋ ሆነ። ከዚያ ወዲህ «የኦቾሎኒ ቅቤ ክልክል ነው» የሚል ደንብ ወጣ። ይህ ደንብ ያሥቃል፤ በውስጡ ያለው ትምህርት ግን አያሥቅም። የእኔ ጨዋታ የሌላውን ድካም ማበላሸት በሚጀምርበት ስፍራ ያበቃል።

አሁን ደግሞ «ታዲያ ይህን ሁሉ የሚደክሙት ለምንድን ነው? ምን ያስደስታቸዋል?» ብሎ በቅንነት ለሚጠይቅ መልስ ይገባዋል። ሰው አንድን ታሪክ አጥብቆ ሲወድ መጽሐፉ ማለቁ ያሳዝነዋል። ዐይኑ አንብቦ ጨርሷል፤ እጁ ግን ገና ምንም አላደረገም። እነዚህ ወጣቶች ፍቅራቸውን ከዐይን ወደ እጅ ያወርዱታል። ከዚያም ማንም በማያውቃቸው አዳራሽ ውስጥ ሲቆሙ አንድ እንግዳ ሰው ከሩቅ የገጸ ባሕርዩን ስም ይጠራል። በዚያች ቅጽበት ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ መጽሐፍ እንዳነበቡ፣ በአንድ ስፍራም እንዳለቀሱ ይተዋወቃሉ።

እንዲህ ባለው ጉባኤ ተገኝቼ አይቻለሁ። ከሁሉ ይልቅ የደነቀኝ የልብሱ ብዛት ሳይሆን ጥያቄው ነው። «የማን ልጅ ነህ? ምን ትሠራለህ? ስንት ታገኛለህ?» ብሎ የሚጠይቅ አልሰማሁም። የሰማሁት «ይህን መገጣጠሚያ እንዴት ሠራኸው? ይህ ቀለም ምንድን ነው? እኔ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ተሰነጠቀብኝ» የሚል ነው። በሌላ ቀን በሰው ፊት ቃል ለማውጣት የሚያፍር ልጅ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ምላሱ ተፈትቶ ሩብ ሰዓት ሲያስረዳ አይቻለሁ። ምስጋናው የሚሄደው ለመልክ ወይም ለሀብት ሳይሆን ለእጅ ስለሆነ፣ ያፈረ ሰው እንኳ ሳያፍር ይቀበለዋል።

ነገር ግን ወዳጅነቴ ዐይኔን አያሳውረውም። በዚህም መካከል መነቀፍ ያለበት አለ። አንደኛው፣ ሌላ ሰው የሠራውን ገዝቶ «እኔ ሠራሁት» በማለት ሽልማትና ሙገሳ የሚሰበስብ ነው። ገዝቶ መልበስ ኀጢአት አይደለም፤ ጊዜ ወይም ችሎታ የሌለው ይገዛል፤ የሰፊውንም ስም በግልጽ ይናገራል። የሰፊውን ስም የደበቀው ግን የዳግላስን መርፌ ከረሱት ሰዎች ወገን ነው። እነሆ ተረቱ የሚይዘው ሰው ተገኘ! የሰው ወርቅ የማያደምቀው እርሱን ነው።

ሁለተኛው፣ ልብሱን ምክንያት አድርጎ ያለ ፈቃድ የሚነካ፣ ያለ ፈቃድም ፎቶግራፍ የሚያነሣ ባለጌ ነው። በኒውዮርክ በሚደረገው ጉባኤ ከ2014 ጀምሮ «ኮስፕሌይ ፈቃድ አይደለም» የሚል ማስታወቂያ በግልጽ ተሰቅሏል። ልጂቱ የለበሰችው ልብስ ጠባብ ይሁን ሰፊ፣ የገላዋ ባለቤት እርስዋ ናት። ይህን ለማወቅ ማስታወቂያ ማስፈለጉ ራሱ ያሳፍራል።

ሦስተኛው የቀለም ነገር ነው። ቻካ ኩምበርባች የተባለች ጥቍር አሜሪካዊት ጠጉርዋ ወርቃማ የሆነችውን የጃፓን ሥዕል ጀግና መስላ ስለ ለበሰች በቆዳዋ ምክንያት ብዙ ስድብ ደረሰባት። እርስዋ ግን አልተሸማቀቀችም፤ በ2013 ነገሩን በግልጽ ጻፈች፤ ከ2015 ጀምሮም በፌብርዋሪ ወር 28 ቀን ሙሉ የጥቍሮች ኮስፕሌይ እንዲታይ ጥሪ አቀረበች። እኔም እላለሁ፤ በሥዕል ውስጥ ያለ ጀግና የማንም የግል ርስት አይደለም፤ የወደደው ሁሉ ይለብሰዋል። ቆዳ ግን ልብስ አይደለም። ጥቍር ገጸ ባሕርይ ለመምሰል ፊቱን በጥቍር ቀለም የሚቀባ ሰው ልብስ ሳይሆን የሰው ልጅን እየለበሰ ነው።

ከዚህም ጋር አንድ የእኛን አገር የሚነካ ነገር አለ። በ2018 በወጣው «ብላክ ፓንተር» በተባለው ፊልም የልብሱ ንድፍ አውጪ ሩት ካርተር ከብዙ የአፍሪካ ሕዝቦች አለባበስ ወስዳለች፤ በዚህም በ2019 የኦስካር ሽልማት አገኘች። በፊልሙ ውስጥ የአንድ ጎሣ ሽማግሌ በከንፈሩ ሸክላ አድርጎ ይታያል፤ ይህ በኦሞ ወንዝ አካባቢ ከሚኖሩት ከሙርሲና ከሱርማ ሕዝቦች የተወሰደ ነው። የፊልሙን ተዋጊዎች ጥሩር ሠርቶ መልበስ መልካም ነው። የሙርሲ ሴት በከንፈርዋ የምታደርገው ሸክላ ግን የተረት ዕቃ አይደለም፤ በሕይወት ያለች የእኅታችን ኑሮ ነው። ኮስፕሌይ የፈጠራ ሰውን መምሰል ነው፤ ያለውን ሰው መቀለጃ ማድረግ ሌላ ነገር ነው።

በእኛ መካከል ይህ ሥራ ለምን እንዲህ ቶሎ ይናቃል? ምክንያቱ ጃፓን ወይም አሜሪካ አይመስለኝም። ከዚያ የቀደመ በሽታ አለብን። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ ሸክላ የምትሠራውን በስም እየሰደብን፣ እነርሱ በሠሩት ማረሻ ስናርስ፣ እነርሱ በሠሩት ሸማ ስንደምቅ፣ እነርሱ በሠሩት ድስት ስንበላ ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የእጅ ሥራ ሠሪዎችን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ማስነገራቸው በሽታው ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበረ ይመሰክራል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ በሜሪላንድ ግን አንድ አባት የልጁን የእጅ ሥራ «ስፖንጅ እኮ ነው» ብሎ ከቆሻሻ ጋር ያወጣል። ያ አባት ልጁን ሐኪም ለማድረግ ይመኛል። በስለት ሳትሳሳት መቍረጥን፣ ሳትቸኩል መስፋትን፣ በሌሊት ነቅታ መሥራትን የተለማመደችውን እጅ እየናቀ ቀዶ ጥገና የሚያደርግ እጅ ከየት ይመጣልኛል ብሎ ያስባል?

እናንት ወጣቶች ሆይ! ኮስፕሌይ ሥሩ ብዬ አላስገድዳችሁም፤ ሁሉም የሚወደው የየራሱ ነገር አለው። ነገር ግን ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። የመጀመሪያው፣ አንድ ሰው የሠራውን ነገር ስታዩ ከመሣቃችሁ በፊት «እንዴት ሠራኸው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ከሰማችሁ በኋላ መሣቅ ብትፈልጉ ትሥቃላችሁ፤ እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሣቁ ጠፍቶ ሌላ ጥያቄ እንደሚመጣ አይቻለሁ። ሁለተኛው፣ የወደዳችሁትን ነገር በመግዛትና በማየት ብቻ አትጨርሱት። ስፉት፣ ሣሉት፣ ጻፉት፣ ቀርጻችሁ አውጡት። ሲበላሽባችሁ እንደ ገና ጀምሩ። ሠርታችሁ ስትጨርሱም ያገዛችሁን ሰው ስም አትደብቁ።

ለአባቶችና ለእናቶችም አንድ ቃል አለኝ። ልጃችሁ በመኪና ማቆሚያ ውስጥ ማስቲሽ ሲያሸት፣ ፎም ሲቈርጥ፣ ቀለም ሲደፋ ብታገኙት፣ ወለሉን እንዲያጸዳ ማዘዝ መብታችሁ ነው፤ መስኮቱን እንዲከፍት መምከርም ግዴታችሁ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ወንበር ስባችሁ ተቀመጡና ከሁለቱ ጠርዞች አንዱን ያዙለት። ማስቲሽ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚገጠም፣ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሁለተኛ እጅ ያስፈልገዋል።